ሦስተኛው ጥቅል ጎመን

ያብስራ ግሪንሃውስ ሊመርጥ የሄደ ዕለት ሻጯን መጀመሪያ የጠየቃት ስለ ስፋትም ስለ ጥንካሬም አልነበረም። «ከነዚህ ውስጥ ወሬ የማያበዛው የትኛው ነው?» አላት።

ሻጯ ሳቀች። ስሟ ስንዱ ነው፤ ዕድሜዋ ከሃያ ብዙ አይዘልም። የአያት ቅድመ አያት ስሞች ተመልሰው የመጡበት ዘመን ስለነበር ሱቁ ውስጥ ያሉት ወጣቶች ሁሉ ስንዱ፣ በላቸውና ደብሪቱ ናቸው። ያብስራ የሚባሉት ደግሞ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ፀጉራቸው ከፊት የሸሸ ሽማግሌዎች ሆነዋል።

«ሁሉም ዝምተኞች ናቸው ጋሼ። በራቸው እንኳ ሲከፈት አይሰማም» አለችው።

«ስለ በሩ መች ጠየቅሁሽ?»

ወይ አልገባትም፣ ወይ ገብቷት ያልገባት መስላለች። ያብስራ ገብቷታል የሚለውን ያዘ። ዕድሜውን ሊፍት ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ ደህና የሚመስል ነገር ውስጥ ምን እንደላላ መፈለግ ሙያው ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ግን የሚፈታታው ሊፍት ስላጣ ሰው መፈታታት ጀምሯል።

«ላይ ከተማ» በምትባለው በዚህች የደጋ ከተማ ክፍት ጓሮ የቀረው ባንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ ውሃ በነፍስ ወከፍ ሆነ። ቀጥሎ በዚያው ውሃ ጓሮውን ያጠጣ ተቀጣ። በኋላ ዘር የሚሰጠው ባለቤቱን በድምፅ የሚያውቅ፣ ራሱ የሚያጠጣ ግሪንሃውስ ላለው ብቻ ሆነና፣ ጓሮ ያለው ሁሉ ክረምቱ ሳይወጣ አንድ እንዲተክል ታዘዘ። የቱን እንደሚተክል የሚመርጠው ነዋሪው ራሱ ነው፣ በዚህ ላይ ማንም አይጫነውም ተባለ። ሰዉም እውነትም መረጠ፤ ከመምረጥ በቀር ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

ስንዱ ወደ መጀመሪያው ወሰደችው። ግድግዳ ተደግፎ የሚቆም፣ ባንድ ጎኑ ከቤቱ ጋር የሚገጥም ዓይነት ነበር።

«ሰው የሚወደው ይሄንን ነው። የቤቱን ሙቀት ስለሚጋራ ውርጭ አይደፍረውም። እናንተ ውስጥ ስትተነፍሱ ትንፋሻችሁ ለተክሉ ቀለብ ይሆናል።»

«ትንፋሻችን?»

«አዎ። ስንት ሰው እንደሚተነፍስ ለክቶ ነው መተንፈሻውን የሚከፍተውና የሚዘጋው።»

ያብስራ ከግሪንሃውሱ አንድ እርምጃ ራቀ፤ ሳያስበው ትንፋሹንም ያዝ አደረገ።

ሁለተኛው ሙሉ መስታወት ነበር፤ ያማረ፣ ከባድ፣ በረዶ ቢወርድበት ንቅንቅ የማይል። ግን መሠረቱን የሚያፈሱትና መስታወቱን የሚገጥሙት የሱቁ ባለሙያዎች ናቸው። ግቢ ገብተው ውለው፣ ምሳ በልተው፣ ሽንት ቤት ጠይቀው ነው የሚሄዱት። ያብስራ ሽንት ቤቱ ከጓዳው ቀጥሎ መሆኑን አሰበና «ይሄ ለኛ ግቢ ይበዛል» አለ።

ሦስተኛው ጥግ ላይ ቆሟል። ስፋቱ ካንድ ታክሲ አይበልጥም፤ አጥንቱ አልሙኒየም፣ ልባሱ ወፍራም ላስቲክ ሆኖ ከቤት ርቆ ብቻውን የሚቆም ነው። ስንዱ ብዙም አላሞገሰችውም። ነፋስ ያነሳዋልና ካስማውን ጠለቅ አድርገው ይቅበሩት አለች። እኩለ ቀን ላይ ስለሚያፍን ከላይ ያለው መተንፈሻ እንዳይደፈን። ላስቲኩም ከጥቂት ዓመት በኋላ ቢጫ ይሆናል። ሻጯ ራሷ የምታጣጥለው ዕቃ በመሆኑ ያብስራ ወደደው።

«ይሄን እወስዳለሁ። ራሴ እገጥመዋለሁ።»

«ይቻላል፣ ብሎን ማጥበቅ ብቻ ነው» አለችና ቀና ብላ አየችው። «ስንት ናችሁ ጋሼ?»

መንገዱን ሙሉ ሲለማመደው የመጣውን መልስ ጥያቄው ሳያልቅ ለቀቀው። «ሁለት። እኔና ባለቤቴ። ሌላ ሰው የለም።»

«እሺ፣ ሁለት» አለች ስንዱ ፈገግ ብላ።

እስከ ቤቱ ድረስ ያንን ፈገግታ ሲያመነዥከው ሄደ። ሁለት ማለት ይበቃው ነበር። ሌላ ሰው የለም ብሎ ምን አስለፈለፈው?

ሌላ ሰውማ አለ። ጓዳ ውስጥ ታላቅ እህቱ ብሌን አለች።

ብሌን ከታች፣ ከአዋሽ በኩል ነው የመጣችው። እዚያ ሽንኩርትና ቲማቲም ስታለማ ነው የኖረችው። ሙቀቱ ሲብስ የምትኖርበት ከተማ ተዘጋ፤ ሰዉ በጭነት መኪና ወደ ደጋው ሲወጣ እሷም ወጣች። ላይ ከተማ የሚቆየው ግን በፈቃድ ነው። ፈቃዱ ያለቀበት ሰው «ትርፍ» ይባላል፤ ድሮ ታክሲ ላይ ከወንበር ቁጥር በላይ የሚጫነው ተሳፋሪ ይባል እንደነበረው። ትርፍ ሰው ከተገኘ ወደ ምደባ ይወሰዳል። ምደባ የት እንደሆነ ያየ የለም፤ ከዚያ ደውሎ ደህና ደርሻለሁ ያለም አልተሰማም። ያስጠጋው ቤት ደግሞ ውሃው ይዘጋበታል። የብሌን ፈቃድ ካለቀ ይሄ ሁለተኛው ክረምት ነው።

ያ ቤት የሁለት ሰው ቤት መስሎ የሚኖረው በብዙ ጥበብ ነበር። የያብስራ ሚስት ሀሴት ስትራመድ ብሌንም ትራመዳለች፤ ሀሴት ስትቆም እሷም ትቆማለች። ብሌንን ሳል የያዛት እንደሆነ ያብስራ አብሯት ይስላል። ልብስ ሲሰጣ የብሌን ቀሚስ ከሀሴት ቀሚስ ስር ይደረባል። የሁለት ሰው ውሃ ለሦስት ይካፈላል፤ ገላ መታጠብ በተራ ነው፣ ተራውም ሩቅ ነው። የደጁ ሰላምታ እንኳ ተቀይሯል። ድሮ ሰው ሲገናኝ ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ እናትህ፣ ቤተሰብ በሙሉ እየተባለ ይጠያየቅ ነበር። አሁን «አንተ ደህና ነህ?» ብሎ ማለፍ ነው። ስለ ሰው ቤት መጠየቅ እንደ መቁጠር ስለሚታይ ማንም አይደፍረውም።

ብሌን ግን ብዙ አትጨነቅም። እናታቸው ስትሞት ያብስራን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ስድሳ ቢያልፈውም ለሷ ያው ያቢ ነው።

«የቱን መረጥክ ያቢ?» አለችው ገና ከመግባቱ።

«ከቤት የሚርቀውን።»

«መስታወቱን አላየኸውም?»

«አየሁት። ሠራተኛ ያስከትላል።»

«ተደጋፊውስ? ይሞቃል ይላሉ።»

«ትንፋሽ ይቆጥራል።»

ብሌን አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። «እኔ እንደሆን ትንፋሽ አጥሮኛል፤ እንደ ግማሽ ሰው ይቁጠረኝ።»

«እትዬ፣ ይሄ ይሳቅበታል?»

«ካልሳቅሁበትማ ምን ላድርገው?»

ሀሴት ከምድጃው ዞር ሳትል «ቲማቲም ያበቅላል ወይ? እሱን ንገረን» አለች።

ቦታ መምረጡ ራሱን የቻለ ጣጣ ሆነ። ግሪንሃውስ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው፣ ነፋስ የማይገርፈው፣ ዛፍ የማያጠላበት ስፍራ ይፈልጋል። እንዲህ ያለው ስፍራ ግቢያቸው ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የእማማ ኤልዳና አጥር ስር። እማማ ኤልዳና ሰማንያን የተሻገሩ፣ ባለቤታቸውን ከቀበሩ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ ጎረቤት ናቸው። ያብስራ ግን ጆሯቸው ገና ሃያ ዓመቱ ነው ይላል። አጥሩን ተጠግተው ሲያንጎራጉሩ ይውላሉ። የሚያንጎራጉር ሰው አይሰማም ያለው ማነው?

ሌላ አማራጭ ስላልነበረ እዚያው ጀመረ። አፈሩን ደለደለ፣ በውሃ ልክ አስተካከለ፣ ጠጠር አፈሰሰበት፣ አራቱን ካስማዎች እስከ አንገታቸው ቀበረ። በሩን ነፋስ ወደማይመጣበት አዞረ። ከዚያ እሱና ሀሴት አልሙኒየሙን ብሎን በብሎን እያጠበቁ አቆሙት። የጣራው አግዳሚ ላይ ሲደርሱ ግን ሥራው እምቢ አለ። ዳርና ዳር ሆነው ሲይዙት መሃሉ ይለምጣል፤ አንዳቸው መሃሉን ሲደግፉ ጫፉ ይወድቃል። ደግመው ሞከሩ፤ አግዳሚው ተንሸራቶ የሀሴትን ጣት ጨፈለቀው።

«ይሄ ነገር የሦስት ሰው ሥራ ነው» አለች ሀሴት ጣቷን አፏ ውስጥ ከታ።

«ዝም በይ!»

«እውነቴን ነዋ።»

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሳ። የባሕር ዛፉ ጩኸት ሰፈሩን ሲሞላው የጓዳው በር ተከፈተና ብሌን የሀሴትን ሻርፕ ተከናንባ ወጣች። ያብስራ ተመለሺ ብሎ በእጁ ቢጠቁማትም ቀጥ ብላ መጥታ አግዳሚውን ከመሃሉ በትከሻዋ ደገፈችው። ብሎኑ ገባ። ፀሐይ ፊቷ ላይ ሲያርፍባት ዓይኗን ጨፈነች። ያብስራ እህቱን በቀን ብርሃን ካያት ስንት ጊዜው ነው? ወዲያው ግን ፍርሃቱ ቀደመው። «ግቢ፣ ግቢ» አላት። ግሪንሃውሱ በዚያን ሰዓት አጥንት ብቻ ነበር፤ ገና አይሰማም፣ ገና አያውቅም። እሱ ግን ይህንንም አላመነም።

ብሌን ገብታ በሩ እንደተዘጋ ከአጥሩ ማዶ ማንጎራጎሩ ቆመ።

«ያብስራ፣ አንተ ደህና ነህ?» አሉ እማማ ኤልዳና።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎ ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ። ሁለት ሆናችሁ ነው ያቆማችሁት?»

«ሁለት ሆነን ነው።»

«ጎበዞች ናችሁ። እኔ ቤት ሲተከል አራት ጎረምሳ ነበር፤ እነሱም ላብ በላብ ሆነው ነው የጨረሱት።»

ያብስራ ያን ቀን እራት አልበላም። ሴትዮዋ ለምን አራት ጎረምሳ አሉ? ማን ጠየቃቸው?

ላስቲኩ ለብሶ ግሪንሃውሱ ሥራ ከጀመረ በኋላ ኑሮው የራሱን መልክ ያዘ። ጠዋት ጠዋት ያብስራ እጁን ታጥቦ በሩ ፊት ይቆምና «እንደምን አደርክ» ይለዋል፤ ድምፁን ሲያውቅ ይከፍትለታል። ከእሱና ከሀሴት ድምፅ በቀር ለማንም አይከፍትም። ራሱ ያጠጣል፣ ሲያፍነው መተንፈሻውን ራሱ ይከፍታል፣ የደረሰውንም ራሱ ቆርጦ በየሳምንቱ ከበሩ ስር ባለው መሳቢያ ያወጣል። የባለቤቱ ሥራ ሰላም ማለትና መጠበቅ ነው። ያብስራ ደግሞ ሰላም ብሎ ከገባ በኋላ እያጎነበሰ በየብሎኑ ራስ ዓይን ይፈልጋል፣ በየቱቦው አፍ ጆሮ ይፈልጋል። ምንም አያገኝም። አለማግኘቱ ደግሞ ይብስበታል፤ ደህና አድርገው ደብቀውታል ማለት ነው።

ብሌን በጓዳው መስኮት ስንጥቅ ችግኞቹን ታያለች። «ጎመኑ ተጠጋግቷል፣ ማነው እንዲህ የሚተክለው?» እያለች ትነጫነጫለች። አንድ ቀን አፈሩን ብቻ እንድትነካ እንዲያስገባት ለመነችው።

«እትዬ፣ ዕድሜሽን ሙሉ አፈር ነክተሻል፤ ይብቃሽ» አላት።

ከአፉ እንደወጣ ቆጨው። ይቅርታ ግን አላለም።

የመጀመሪያው ምርት የደረሰ ጠዋት መሳቢያው ተከፈተ። ውስጡ በየክፍሉ ጥቅል ጎመን ተቀምጧል፤ ከያንዳንዱ አጠገብ እፍኝ ቃሪያ። ክፍሎቹ ሦስት ናቸው። ያብስራ ቆጠራ የሚያስፈልገው ነገር ባይሆንም በጣቱ እየነካ ቆጠራቸው። ከዚያ መሳቢያውን በጉልበቱ ገፍቶ ዘጋና ገመናው የታየበት ሰው ይመስል ግራ ቀኙን ቃኘ።

«ሦስት ሰጠን» አለ ገብቶ።

«ጥሩ ነዋ» አለች ሀሴት።

«ሁለት ነው ያልኳቸው! ሁለት!»

«ተሳስቶ ይሆናላ።»

«ሀሴት፣ ስድስተኛ ፎቅ ያልሽው ሊፍት ሰባተኛ ከወሰደሽ፣ አንድ ሰው ነካክቶታል ማለት ነው።»

በሚቀጥለው ሳምንትም ሦስት ወጣ። አንዱን ጎመን መልሶ መሳቢያው ውስጥ ከተተው፤ ግሪንሃውሱ መልሶ አወጣለት። ያብስራ ያኔ ሰዉን ሁሉ ባንድ ወንፊት አበጠረ። ስንዱ ፈገግ ብላ ነበር። እማማ ኤልዳና አራት ጎረምሳ ብለዋል። ሀሴት ራሷ ባለፈው ገበያ ላይ «የኛ ሰዎች» ብላ ነበር፤ አንድ ሰው «ሰዎች» ተብሎ ይጠራል? ይህን ሲላት ሀሴት በጭልፋው ልትለው ምንም አልቀራት። በመጨረሻ የቀረችው ብሌን ናት።

«እትዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ግሪንሃውሱ ውስጥ ገብተሻል?»

ብሌን ጥፋት ላይ እንደተያዘ ልጅ አየችው። «አንድ ጊዜ።»

«አንድ ጊዜ!»

«በሩን ከፍተህ ስልክ ልታነሳ የገባህ ዕለት። ወዲያው ነው የወጣሁት። አፈሩን ብቻ ነካሁት። ሞቅ ይላል ያቢ፤ የታች አፈር ነው የሚመስለው።»

«ተናገርሽ? ተነፈስሽ?»

«ሳልተነፍስ እንዴት ልግባ?»

ያብስራ ጭንቅላቱን ያዘ። በቃ፣ ነገሩ ተገኘ። ግሪንሃውሱ አውቋታል፤ ያወቀውንም ለራሱ ብቻ አያስቀምጥም። ዝም ብሎ ሦስት የሚያወጣው፣ እንደማውቅ እወቁ ለማለት ነው።

በዚያው ሰሞን ስልክ ተደወለ። ስንዱ ነበረች።

«ጋሽ ያብስራ፣ ምርቱ እንዴት ነው? ይበቃችኋል ወይ?»

«በደንብ!»

«ካነሰ ይንገሩን፣ እናስተካክላለን።»

«አያንስም። ለሁለት ሰው እንዲያውም ይበዛል።»

«መብዛቱ አይከፋም ጋሼ» አለችና ሳቀች።

ስልኩን ከዘጋ በኋላ እያንዳንዷን ቃል ፈታታት። ይበቃችኋል ወይ ማለት፣ ስንት እንደሆናችሁ ደርሰንበታል ማለት ነው። ይንገሩን ማለት ደግሞ፣ ሳንመጣ ራስህ ብትናገር ይሻልሃል ማለት ነው። ሌላ ፍቺ ሊኖረው እንደሚችል ለማወቅ አጥር ተጠግቶ «እናንተ ቤት ስንት ይወጣል?» ማለት ይበቃው ነበር። ግን ይህ ጥያቄ ስንት ናችሁ እንደማለት ነው፤ ጠያቂውም ተጠያቂውም ይጠረጠራል። ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ የየድርሻውን ጎመን በየቤቱ ዝም ብሎ ይበላል።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ጠበበ። መኪና ባለፈ ቁጥር ያብስራ መስኮት ላይ ነው። ብሌን መሣቅ ተከለከለች፤ ቀጥሎ ማውራት፤ ቀጥሎ ቀን ቀን ከፍራሽዋ መነሳት። አንድ ከሰዓት መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ የመጡ እንደሆነ ወደ ምደባ ነው የሚወስዱሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ታች ግን ገና ሰው አለ ይላሉ። ወንዙ ዳር የቀሩ አሉ። ኬላው የሚፈትሸው የሚወጣውን ነው፤ የሚወርደውን መኪና ማንም ዞር ብሎ አያየውም።»

ብሌን እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች። «ሂጂ እያልከኝ ነው?»

«አይ፣ ነገሩ እስኪበርድ ብዬ ነው።»

«ከወረድኩ መመለስ እንደሌለ ታውቃለህ አይደል?»

ያብስራ ያውቃል። ዝም አለ። እሷም ዝምታውን መልስ አድርጋ ወሰደችው።

ሀሴት ይህን ስትሰማ ሰፈር ይሰማል ሳትል ጮኸችበት። «ማን መጣ? ንገረኝ፣ ማን በር አንኳኳ?»

«ካንኳኩ በኋላማ ምን ዋጋ አለው?»

«ገና ለገና እህትህን ወደ እሳት ትሰዳለህ?»

«ከተያዘች እሷንም እናጣለን፣ እኛም በውሃ ጥም እናልቃለን! አንቺ የምትፈሪው ነገር የለሽም እንዴ?»

«አለኝ» አለች ሀሴት። «አንተን መፍራት ጀምሬያለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ሰፈሩ ሳይነሳ ብሌንና ያብስራ ባዶ የጭነት መኪናዎች ወደሚቆሙበት መንገድ ሄዱ። ሻንጣዋን እሱ ያዘ። ከቤት ከወጣች ስለቆየች አረማመዷ ተቀይሯል፤ ከሌላ ሰው እርምጃ ጋር መራመድ ስለለመደች የሱን እግር እየጠበቀች ነው የምትረግጠው። ይህን ሲያይ እንመለስ ሊል አፉን ከፍቶ ነበር፤ በዚያው ቅጽበት አንድ ጥበቃ በሩቁ ሲያልፍ አየና አፉን ዘጋው።

ሹፌሩ ምንም አልጠየቀም። ብሌን ሻንጣዋን ተቀበለችውና ኮቱን አስተካከለችለት።

«ያቢ፣ ትንሽ ሆነህም እንዲሁ ነበርክ። ከአልጋው ስር የሌለ ነገር ታይ ነበር። እኔ ነበርኩ ጎንበስ ብዬ አይቼ ምንም የለም የምልህ።»

«እትዬ…»

«አሁን ራስህ ጎንበስ እያልክ እይ» አለችው፤ ጉንጩን ስማው መኪናው ላይ ወጣች። መኪናው ሄደ፣ አቧራውም ተከትሎት ሄደ። ያብስራ እንዳለው ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

የሳምንቱ መሳቢያ ሲከፈት ሦስት ነበር። ገና አላወቀም ይሆናል ብሎ ታገሰ። በሚቀጥለውም ሦስት ሆነ። በሩ ፊት ቆሞ «ሁለት ነን» አለው። ቀጥሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሁለት ነን፣ ሁለት!» አለው። በሩ ሰላምታ መስሎት ተከፈተ።

ሌላ ሳምንት ዞሮ መሳቢያው በተከፈተበት ዕለት፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ከአጥሩ ማዶ ድምፅ መጣ።

«ያብስራ፣ አንተ ደህና ነህ? እስቲ ይሄን ተቀበለኝ፤ ልጄ፣ እኔ አልጨርሰውም።» እማማ ኤልዳና ባጥሩ ላይ ጥቅል ጎመን ይዘው እጃቸውን ዘርግተዋል።

ያብስራ ጎመኑን ተቀብሎ እንደ ልማዱ አገላብጦ አየው። ብቻቸውን ለሚኖሩ ሴት ትርፍ ጎመን ከየት መጣ? እሳቸውም ጓዳ ውስጥ ሰው አስቀምጠዋል ማለት ነው? ይህ ሐሳብ ሲመጣለት ለመጀመሪያ ጊዜ ድፍረት አገኘ።

«እማማ፣ እርስዎ ብቻዎን ነዎት። ስንት ነው የሚወጣልዎት?»

«ሁለት ነዋ። አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእንግዳ።»

«የምን እንግዳ?»

«የመጣ እንግዳ ነዋ! አታውቅም እንዴ? በፊት የተተከሉት በነፍስ ልክ ነበር የሚያወጡት። ሰዉ ተቀየመ። ድስት እንኳ ለአፍ ልክ አይጣድም፣ ድንገት ሰው ቢመጣብን ምን ልናቀርብለት ነው ብለን ሱቁ ድረስ ሄደን ጮህን። እኔም ነበርኩበት። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም ቤት አንድ የእንግዳ ጨመሩበት። አንድ ሰው ሁን አሥር ሰው፣ አንድ ይጨመራል። አልነገሩህም?»

«አልነገሩኝም።»

«ምን ብለው ይንገሩህ፤ ሰው እንግዳ እንደሚመጣበት ይነገረዋል እንዴ?»

ያብስራ አጥሩን ያዘ። እማማ ኤልዳና ወደ አጥሩ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያቺ የምትስቀዋስ፣ ልጄ? ካልሰማኋት ቆየሁ። አሟት ነው?»

«ይሰሟት ነበር?»

«ሁለት ክረምት ሙሉ። ሣቋ ደስ ይለኝ ነበር። ሌላ ሰው እንዳይሰማባት ብዬ እኮ ነው እዚህ አጥር ስር ሳንጎራጉር የምውለው።»

ምን ብሎ እንደመለሰላቸው በኋላ ሊያስታውሰው አልቻለም። የተሰጠውን ጎመን እንደያዘ ወደ ቤት ገባ። ሀሴት የዕለቱን ሦስት ጥቅል ጎመን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ቢላዋ እየሳለች ነበር።

ቆሞ ነገራት፤ ምንም አላስቀረም። የእንግዳ ድርሻ ለሁሉም ቤት እንደሆነ፣ ስንዱም እንዲያው ደንበኛዋን ለመጠየቅ እንደደወለች፣ ጎረቤታቸው ያንጎራጉሩ የነበረው ለምን እንደሆነ። «ግሪንሃውሱ ለማንም አልተናገረም ሀሴት። ብሌንን አያውቃትም። ቆጥሯት አያውቅም።»

ሀሴት ቢላዋውን አስቀምጣ አየችው። ቁጣ ይጠብቅ ነበር፤ ቁጣ ቢሆን በተሻለው።

«እሱማ መች ቆጠራት» አለች። «የቆጠርካት አንተ ነህ።»

ከዚያ ጎመኑን አንድ በአንድ መክተፍ ጀመረች፤ ሦስቱንም። ያብስራ አጠገቧ እንደቆመ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። ሀሴትም በቃህ አላለችውም።